ያመካኘሁበት ዳንቴል

መካነ ኢየሱስ በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ ኮምፒውተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ደብረ ታቦር የሦስት ወር ኮርስ ወስጄ ስመለስ ባለሙያ አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። ሥራዬ ላይ አስተያየት የሚሰጠኝን ሰው ገላምጬ ነበር የማባርረው።

የቢሮው ጸሐፊ ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ለኮምፒውተሯ የምትሳሳ ሴት ነበረች። አቧራ እንዳይገባበት ለሲፒዩው ነጭ ዳንቴል ሠርታለት ወደ ቤቷ ስትሄድ ታለብሰዋለች፤ ጠዋት ከማብራቷ በፊት አውልቃ አጣጥፋ ታስቀምጠዋለች። በምሳ ሰዓት አባቷ እየተመሩ ይመጣሉ። ጋይንት ውስጥ ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ በስተርጅና ዓይናቸው የጠፋ መምህር ናቸው። አጠገቧ ተቀምጠው የሟች መምህራቸውን ቅኔዎች በቃላቸው ይሏታል፣ እሷ ትጽፋለች። ቅኔ የዕለቱ ነው፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም በጉባኤ ቤት ነውር ነው። እሳቸው ግን የመምህራቸው ቅኔ አብሮ እንዳይቀበር ብለው ዓመታት ሙሉ በየማለዳው ለብቻቸው ሲያንበለብሉት ኖረዋል። ሌላ የሚያውቀው ሰው በሕይወት አልነበረም።

አንድ ሰኞ ሲፒዩው ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ፋይል ለመክፈት ሲባል ይንቀራፈፋል፤ ከዚያ ሰማያዊ ገጽ ያወጣና ይዘጋል። ጎኑን ፈትቼ ጆሮዬን ባስጠጋ ድምፁ የሚመጣው ከሃርድ ዲስኩ ነው። ከኮርሱ በደንብ የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር እንዲህ የሚል ዲስክ ሳይሞት በፊት የያዘውን ቶሎ ማውጣት እንደሚገባ ነበር።

«የአባባን ጽሑፍ ቅድሚያ አውጣልኝ፤ የቢሮው ይቆይ» አለችኝ።

ፍላሽ ነበረኝ። ያን ጊዜ ፍላሽ ብርቅ ነው። ግን በስንት ልመና ባስጫንኳቸው ፊልሞች ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አንዷን ፊልም ብሰርዝ የሽማግሌው ቅኔ በሙሉ ይገባ ነበር። ሳሳሁ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ለፊልም ሳሳሁ።

«ማውጣት ምን ያደርጋል፣ አሁን አስተካክለዋለሁ» አልኩና ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እየመረመረ የሚያርመውን ፕሮግራም አስነሳሁበት። የታመመ ዲስክ ያን ያህል ሥራ አይችልም። ከሰዓት በኋላ ድምፁ ጠፋ፤ ኮምፒውተሩም ዲስክ አላገኘሁም የሚል ጽሑፍ አወጣ።

ፊቷን ሳየው ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ ክፉ ነኝ። «ይሄ ዳንቴልሽ ነው አየር አሳጥቶ ያቃጠለው» አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ስታበራው እንደምታወልቀው አሳምሬ አውቃለሁ። እሷ ግን ባለሙያ ተናግሯልና አመነች። ዳንቴሉን ሲያደንቁ የከረሙት ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁባት።

በማግስቱ አባቷ መጡ፤ ጽሑፉ በእሷ ዳንቴል ምክንያት እንደጠፋ ነገረቻቸው። «እንደገና ይበሉኝ አባባ፣ በእጄ እጽፈዋለሁ» አለቻቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፤ የቅኔው ሁለተኛ ቤት ላይ ቆሙ። ከላይ ጀመሩ። አሁንም እዚያው ቆሙ። ሌላ ቅኔ ሞከሩ፤ መግቢያው ብቻ ነው የመጣላቸው።

«ከጻፍሽው ወዲህ ማንበልበሉን ትቸዋለሁ፤ ሸክሜን አራገፍሁ ብዬ» አሉ። «ቀጥሎሳ ምን ነበር?»

ግእዝ አታውቅም፤ ስትጽፍ የኖረችው ፊደል በፊደል እየለቀመች ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ነበር የሚባለው። አንችስ ከሞኝም አነስሽ። መምህሬን ሁለተኛ ገደልሽብኝ። ከእንግዲህ አባባ እንዳትይኝ።»

ልትደግፋቸው ብትነሳ እጇን ገፈተሩት። ግድግዳውን እየዳበሱ ብቻቸውን ወጡ። እኔ ከጠረጴዛዬ አልተነሳሁም። አንድ ቃል ብተነፍስ ቁጣቸው ወደ እኔ ይዞር ነበር፤ አልተነፈስኩም።

እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ እኔ መጣች።

«ትናንትም ሙሉ ቀን አደከምኩህ። በእኔ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ» አለችኝ።

«ምንም አይደል» አልኳት።