ምራቴና አልቆም ያለችው የሹራብ መኪና

የልጄ ሚስት ምን ሥራ እንደምትሠራ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ በትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያላለፍሁ፣ ዕድሜዬንም በዕቃ ግምጃ ቤት ጥበቃ የጨረስሁ ሰው ነኝና ያላረጋገጥሁትን ነገር ለሰው መናገር አልወድም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ «የቢሮ ሠራተኛ ናት» እያልሁ አሳልፌአለሁ። ነገር ግን ቢሮ ስትሄድ አይቻት አላውቅም። ጫማዋን አውልቃ፣ ሳሎናችን ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ብቻዋን ትነጋገራለች።

«ምን አጠፋሁና ነው እንቢ የምትለኝ?» ትላለች።

«ማን ነው እንቢ ያለሽ?» ብዬ ከጓዳ ብቅ ስል፣

«እርስዎን አይደለም አባባ፣ ፕሪንተሩን ነው።»

በቤታችን ፕሪንተር የሚባል ዕቃ የለም። ሰው የሌለ ዕቃ ሲቆጣ ካየሁ በኋላ ልጄን ለብቻው ጠርቼ ስለ ጤንነቷ በዘዴ ጠየቅሁት። እርሱም ከት ብሎ ሳቀና ሄዶ ነገራት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድ ልጅ ምስጢር እንደማይቋጥር አረጋግጫለሁ።

ምራቴ የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። አባቷ አዲስ ልብስ ከመስፋት ይልቅ የአንዱን ሰው ልብስ ለሌላው ልክ በማድረግ የታወቁ ነበሩ አሉ። ይህ ነገር በደሟ ገብቷል። መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ ዓይኗ ከሰው እጅጌ አይነሣም። «አባባ፣ የዚያ ሰውዬ ኮት የወንድሙ ነው» ትለኛለች በሹክሹክታ። አንድ ቀን የእኔኑ ኮት ብብት ቆንጠጥ አድርጋ ካየች በኋላ «ይቺ መጀመሪያ የእርስዎ አልነበረችም» አለችኝ። እውነት ነው፤ አልነበረችም። ይሁን እንጂ ማን እንደነገራት ለማወቅ ብዙ ደክሜአለሁ።

ሥራዋንም ያስረዳችኝ በዚሁ በልብስ ነገር ነው።

«ማንኛውም ዕቃ ከኮምፒውተር ጋር የሚያግባባው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም አለው። ድራይቨሩ ደግሞ ኮምፒውተሩን ለሚመራው ዋና ፕሮግራም፣ ለአንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ልክ የተሰፋ ነው። ሲስተሙ ሲቀየር እጁ ያጥራል፣ ትከሻው ይሰፋል። እኔ ተርትሬ ለአዲሱ ልክ አደርገዋለሁ።»

«የሰው ስፌት ስትተረትሪ ባለቤቱ ያውቃል?»

«ፈቅዶ ነው የተወው አባባ። ስሙንም ፈቃዱንም በፕሮግራሙ አናት ላይ ጽፎታል።»

«ሲስተሞቹስ ጠበኞች ናቸው?»

«ኧረ ዘመዳሞች ናቸው! ሁለቱም ዩኒክስ ከሚባል የድሮ ሲስተም ወገን፣ የአንድ አያት ልጆች።»

«እንግዲያው ከጠላት ይብሳሉ» አልኋት። ሳቀች። እኔ ግን ቀልድ አልተናገርሁም።

ይህ ሙያዋ በዓይኔ የተፈተነው በእህቴ ምክንያት ነው። ታናሽ እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ በመንገድ ዳር ባለች፣ ጓዳ ባላት አንዲት ክፍል ሹራብ እየሠራች ራሷን ታስተዳድራለች። መኪናዋ እንደ ረጅም ጠረጴዛ የተዘረጋች ናት፤ መርፌዎቿ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረዋል፤ በላያቸው ክር የያዘ ክንድ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። የምትታዘዘው በኮምፒውተር ነው። ታዲያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኃይል ጨምሮ መጣና ኮምፒውተሩን አቃጠለው። መኪናዋ ተረፈች። አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ አሮጌው ሲስተም «ይህን አላውቀውም» አለ፤ አዲሱ ሲስተም ደግሞ መኪናዋን አላውቃትም አለ። የሠራት ፋብሪካ እንዳይጠየቅ ከተዘጋ ቆይቷል።

እህቴ የተማሪዎች ሹራብ ታዝዛ ነበር። ሰኞ ሥራ ካልጀመረች ትእዛዙ ለሌላ ይሰጣል። ያ ከሆነ መኪናዋን ሸጣ ልጇ ቤት ልትገባ ቆርጣለች፤ ይህንንም ስትናገር ድምፅዋ ይሰበራል።

«በስተርጅና የምራት ፊት እያየሁ ሻይ ልለምን?» አለች። ቀጥላም የእኔን ምራት አየችና «አንቺን አይደለም የኔ ልጅ» አለቻት።

«ገብቶኛል እትዬ፣ የእርስዎን ምራት ነው» አለች ልጅቷ፣ መኪናዋ ሥር እየተንበረከከች።

አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ቁራሌው ወሬ ሸቶት ሰኞ ጠዋት ጋሪውን በር ላይ አቁሞ በመስኮት ይመለከት ነበር። እኔ ወንበሬን በመስኮቱና በመኪናዋ መካከል አድርጌ ተቀመጥሁ።

ምራቴ ድራይቨሩን ልክ ስታደርግ ሰንብታ ስለነበር ዕለቱ የመለካት ቀን ነበር። ቁልፉን ተጫነች። ክንዱ ተንቀሳቀሰ፤ መርፌዎቹ ተነሡ፣ ተኙ፤ ሰማያዊ እጅጌ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። እህቴ አጨበጨበች፤ ምራቴን ጉንጯ እስኪቀላ ሳመቻት። እኔ «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም። ሦስታችንም ሻይ ለመጠጣት ወደ ጓዳ ገባን።

ከጓዳ የጠራን የቁራሌው ሳቅ ነው።

«እትዬ! አሁን ደግሞ ነፋስ መሥራት ጀመሩ እንዴ?»

ሮጠን ስንወጣ እጅጌው ወለል ላይ ወድቋል። ክሩ ተበጥሷል። ክንዱ ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በባዶ መርፌ ላይ ይመላለሳል፤ የኮምፒውተሩ ስክሪንም «ሥራው በደህና እየተካሄደ ነው» ይላል። በፊት ክር ሲበጠስ መኪናዋ ወዲያው ቆማ ቀይ መብራት ታበራ ነበር።

እኔ ወደ ቁራሌው ዞርሁ። «መቀስ ይዘሃል?»

«ምን መቀስ አባቴ? እኔ እጄ ጋሪዬ ላይ ነው!»

«ኪስህን ገልብጥ።»

ገለበጠ። መፍቻና የተበላሸ የበር እጀታ ብቻ ወጣ። ነገሩን ከልቤ ባላወጣም ለጊዜው ተውሁት።

እህቴ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። «በቃ፣ የማይሆን ነገር ነው። ዞር ስል ክሬን ሁሉ ወለል ላይ የሚያፈስ ዕቃ ይዤ የሰው ልጅ አላለብስም። ጋሪህን አስገባ።»

«እትዬ፣ አንዴ ይታገሡኝ» አለች ምራቴ። ጫማዋን አወለቀች፤ መቀስ አነሣች፤ ክሩን ቋጥራ መኪናዋን አስነሣችና ደህና የሚሄደውን ክር በገዛ እጇ ቆረጥ አደረገችው።

«አብዳለች!» አለ ቁራሌው ጋሪውን እየገፋ።

እርሷ ግን መኪናዋን ትታ ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጠች። ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታችና ትስቅ ጀመር። «እኔ ደደብ! መኪናዋኮ እየተናገረች ነው። አምስት እያለች ነው።»

«አምስት ምን?» አልሁ።

«በአሮጌው ሲስተም አምስት ማለት ተበላሽቷል ማለት ነው። በአዲሱ ግን መጥፎ ወሬ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ካላደረገ ጥሩ ወሬ ነው። ምልክት የሌለው አምስት ሲሰማ አምስት ያህል ሥራ ተሠራ ብሎ ይቀበላል።»

«ማለት ክር ተበጠሰ ሲሉት ሠራን ያሉት ይመስለዋል?»

«አዎ አባባ!»

«እንዲህ ያለ አለቃ እኛም መሥሪያ ቤት ነበረ» አልኋት።

ያጠፋችውንም ሳትደብቅ ነገረችን። የድራይቨሩ ጸሐፊ ስህተቶቹን ሁሉ በየስማቸው ሲጽፍ ይህችን አንዲት ቦታ ብቻ ያለ ስም በቁጥር ጽፏት ኖሯል። እርሷ ደግሞ እያንዳንዱን በስሙ እየፈለገች ምልክት ስታደርግ ስም የሌላትን አለፈቻት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። አንዲት የመቀነስ ጭረት ጨመረች፤ ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበ፤ እህቴ ክሩን ቋጠረች፤ መኪናዋ ተነሣች። እጅጌው ትንሽ እንደወረደ ምራቴ ክሩን እንደገና ቆረጠችው።

መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ቀይ መብራቱ በራ።

እህቴ «ይህ ዓይነ ቀይ» እያለች ስትረግመው የኖረችውን መብራት አንገቷን ደፍታ ሳመችው። «እሰይ የኔ እመቤት! እሰይ ቆምሽልኝ!»

ቁራሌው ግራ ተጋባ። «የቆመ ነገር ለእኔ አይደለም እንዴ?»

«ሂድ ወዲያ! ይቺ ቆማ የምትጠራኝ ናት፤ አንተ ተጠርታ የማትሰማዋን ፈልግ!»

እርሱም ወጣ፤ ሲወጣ ግን የተቀመጥሁበትን ወንበር አየት አደረገው። እኔም ጠበቅ አድርጌ ያዝሁት።

«መቀሱን ስጪኝ» አልኋት ምራቴን። «በአንቺ እጅ ቆማለች። በሌላ ሰው እጅስ?»

ቆረጥሁ፤ ቆመች። ተቋጥሮ ተነሣች፤ ከሌላ አቅጣጫ ቆረጥሁ፤ አሁንም ቆመች። ለሦስተኛ ጊዜ መቀሱን ሳነሣ እህቴ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ክሬን ሊጨርሱብኝ ነው? የስንት ልጅ ሹራብ ይጠብቀኛል! ውጡልኝ፣ ሁለታችሁም!»

ገፍታ አስወጣችንና በሩን ከውስጥ ዘጋችው።