አርባ ቋጠሮ

ሰቆጣ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ የኃይል ማመንጫ ያየኋት በክረምት ነው። ለዘገባ ነበር የሄድኩት። ሥራዋን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አይፈጅም። የከተማው ቆሻሻ በመኪና ይመጣል፤ ሴቶች በእጃቸው ይለዩታል፤ ሊነድ የሚችለው ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ እሳቱ ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይኑን ይዘውራል። ታላቅ እህቴ ቤት ያለችው አንዲት አምፖል የምትበራው በዚህ ነው። ሁሉንም ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ሁለት ገጽ አልሞላም።

ያልገባኝ አጥሩ ነበር።

ከምድጃው ቤት ጀርባ፣ ከጭስ ማውጫው ሥር፣ የሽቦ አጥር አለ። ሽቦው ላይ ልብስ ተሰቅሏል። ሸሚዝ፣ የሴት ቀሚስ፣ የሕፃን ሹራብ፣ ጋቢ። ሁሉም ትከሻቸው ተወጥሮ ወደ ከተማው ዞረዋል። ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ ሽቦው አይታይም፤ ልብሶቹ በራሳቸው የቆሙ ይመስላሉ። በሥራዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ በቀላሉ አልደነግጥም። ለዚያ አጥር ግን ጀርባዬን ሰጥቼ መቆም አልወደድኩም።

"የማን ልብስ ነው?" ብዬ ጠየቅኩ።

የለያዮቹ አለቃ አሮጊት ናቸው፤ ሁሉም እማማ ይላቸዋል። ከሴቶቹ ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና የያዙትን ወሬ ጨርሰው ወደ እኔ ዞሩ። "ተቀዶ የተጣለ ጨርቅ ይነዳል" አሉ በአማርኛ። "ታጥፎ የመጣ ግን ባለቤት አለው። ያጠፈው እጅ አለ። አርባ ቀን እንሰቅለዋለን። የሚጠይቀው ካልመጣ እሳት ይገባል።"

"መመሪያው ላይ አለ?"

አጠገባቸው ፕላስቲክ የምትለየው ወጣት ከት ብላ ሳቀች። የገበያው ባለሱቅ ልጅ ናት፣ ምላሷ ስለት ነው። "መመሪያ ይላሉ እንዴ! ጋሼ፣ እንደዚህ ቆመው ከዋሉ እርስዎንም ሰቅለን አርባ ቀን እንጠብቃለን።"

"እኔ ታጥፌ አልመጣሁም።"

"እሱስ እውነት ነው። እንደ ኮትዎ ከሆነ ቀጥታ ምድጃ ነዎት።"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ነገሩ ግን ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በእኛ አገር ሰው ሩቅ ሞቶ አስከሬኑ ካልመጣ የሚለቀሰው በልብሱ ላይ ነው። ልብሱ ይዘረጋል፤ ዘመድ ዙሪያውን ቆሞ ያለቅሳል፤ ከዚያ በኋላ ያ ሰው ሞቷል። ከጦርነቱ ወዲህ ሰው ያልተመለሰበት ቤት ብዙ ነው። ሴቶቹ የማያውቁትን ልብስ ዝም ብለው እሳት ውስጥ ለመጨመር እጃቸው እምቢ ያላቸው ለዚህ ነው።

በእያንዳንዱ ልብስ ጫፍ ክር ታስሯል። እማማ በየማለዳው አንድ ቋጠሮ ይጨምራሉ። መቁጠር ልማዴ ስለሆነ ቋጠሮ እየቆጠርኩ በአጥሩ ሄድኩ። መጨረሻው ላይ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ጃኬት ነበር።

እህቴ ያላት አንድ ልጅ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ሞተ ያለ ሰው የለም፤ አየሁት ያለም የለም። ጎረቤቶቿ ለእሷ አዝነው "አሁንስ ይለቀስለትና ይረፍልሽ" ይሏታል። እሷ ግን መርዶ ላልመጣለት ልጅ ድንኳን አልተክልም ትላለች። ሲወጣ የለበሰው የእኔን ጃኬት ነበር። ማስታወሻ ደብተሬ አልገባ ስላለኝ የውስጥ ኪሱን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ በሌላ ቀለም ጨርቅ አስረዝሜው ነበር።

እጄን የተሰቀለው ጃኬት የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ከአንጓዬ አልፎ ገባ። ኪሱ ባዶ ነው፤ ቅጥያው ቡናማ ነው፤ ያው ነው። ጃኬቱ ደግሞ ሞቃት ነበር፣ አሁን ከሰው ገላ ላይ እንደወለቀ። ምክንያቱን ወዲያው አገኘሁት፤ አጥሩ ከምድጃው ግድግዳ ሁለት ክንድ ቢርቅ ነው። ምክንያቱን ባገኝም እጄን ቶሎ አወጣሁ።

ክሩ ላይ ሠላሳ ስምንት ቋጠሮ ነበር። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።

ከየት እንደመጣ ጠየቅኩ። ከፃግብጂ ወረዳ በኩል በመጣ ጭነት፣ ጆንያ ውስጥ፣ ታጥፎ። ሾፌሩን አገኘሁት፤ ጆንያውን ከመንገድ ዳር እንዳነሳው እንጂ ማን እንዳስቀመጠው አያውቅም። የምድጃው ሠራተኛ ደግሞ ቀኑን እየጠበቀ ነው። "ክረምት ነው፣ ቆሻሻው ሁሉ ርጥብ ነው" አለኝ። "ደረቅ ጨርቅ ለኔ ወርቅ ነው። አርባ ከሞላ አንድ ሰዓት አላቆይም።"

ለእህቴ መንገር እንዳለብኝ ለመወሰን አንድ ቀን ፈጀብኝ። ወስዳ ቤት ካስገባችው ጎረቤቶቿ ለቅሶውን በዚያው ቀን ይጀምሩታል። ከተወችው ይነዳል።

"ማመንጫው አጥር ላይ ጃኬቴን አየሁት" አልኳት።

ሽንኩርት ትልጥ ነበር። "የቱን?"

"እሱ የለበሰውን።"

ቢላዋውን አላስቀመጠችም። "ልጄ ብርድ አይችልም" አለች። "ጃኬቱን አውልቆ የትም አይሄድም። የሌላ ሰው ነው።"

"እትዬ፣ ኪሱን አይቻለሁ።"

"አንተ ያየኸውን ጽፈህ ትሄዳለህ። እኔ ነኝ እዚህ የምቀረው።" የአጥሩን ልማድ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሌላ ሽንኩርት አነሣችና "አርባው መቼ ነው?" አለች።

በማግስቱ አብረን ወረድን። ጉሙ አጥሩን ውጦት ነበር፤ መጀመሪያ የታየን የጃኬቱ እጅጌ ነው። እማማ አርባኛውን ቋጠሮ ቋጥረው ቆመዋል። የምድጃው ሠራተኛ ወፍራም የቆዳ ጓንቱን እንዳጠለቀ በር ላይ ይጠብቃል፤ ከኋላው እሳቱ ያጉረመርማል።

እማማ ጃኬቱን አውርደው ሰጧት። እህቴ አንገትጌውን አየች። እጅጌውን አየች። እጇን ወደ ውስጥ ኪሱ ሰደደችና እንደኔው ከአንጓዋ አልፎ ሲገባ አየሁ። እዚያው ቆየች።

"የልጄ አይደለም" አለች።

ሠራተኛው እጁን ዘረጋ። "እንግዲያው ያምጡት፣ እናቴ።"

አልሰጠችውም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጃኬቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ሁለቱን እጅጌዎች ደረቱ ላይ አጣመረች፣ ጎኖቹን ወደ ውስጥ መለሰች፣ ከታች ጠቀለለች፣ አንገትጌውን እንደ ቆብ አለበሰችው፤ ሕፃን እንደሚጠቀለል። ልብስ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምታጥፈው። ተነሥታ ለእማማ ሰጠቻቸው።

እማማ ጥቅሉን ረጅም ጊዜ አዩት። "አይነድም" አሉ።

"ምን ማለት ነው?" አለ ሠራተኛው። "አርባ ሞልቷል፤ የልጄ አይደለም ብለዋል!"

"ታጥፏል።"

"አሁን እኮ ነው ያጠፉት፣ ዓይናችን እያየ!"

"ታጥፏል አልኩህ። ያጠፈው እጅ አለ።" ያረጀውን ክር በጥርሳቸው በጠሱ፣ አዲስ ክር አሰሩ፣ አንድ ቋጠሮ ቋጠሩ። ጃኬቱን መልሰው ሰቀሉት።

እህቴ መንገድ ስትጀምር እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። "እማማ፣ ከጆንያው ሲወጣ እንዴት ነበር የታጠፈው?"

"እህትህ እንዳጠፈችው" አሉ፣ ሳያዩኝ።

እንደዚያ የሚያጥፍ የማውቀው ሁለት ሰው ነው። አንደኛዋ ከፊቴ ዳገቱን ትወጣ ነበር፤ ሌላው ከእሷ የተማረው ልጇ ነው። ስለዚህ ጃኬቱን በገዛ እጁ አውልቆ አጥፎታል ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም፤ በዘገባዬም አላስገባሁትም።

ከዚያ ወዲህ አርባ በሞላ ቁጥር እህቴ ትወርዳለች። የልጄ አይደለም ትላለች፣ ታጥፋለች፣ ትመለሳለች። ሠራተኛው ጓንቱን ማጥለቅ ትቷል። ጎረቤቶቿ የት እንደምትሄድ አልጠየቋትም።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ሞቃት ነው። አንተም ነካኸው?"

"አዎ። አጥሩ ከምድጃው ግድግዳ ሁለት ክንድ ቢርቅ ነው፣ ሙቀቱ..."

"እሱን አልጠየቅኩህም" አለች።