ያልፈረምኩት ውል፦ ሁለት ቀን በኮለምበስ የማሪዋና ጉባኤ

በፈረንጆቹ 2022፣ በግንቦት ወር፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሲንሲናቲ ተነሳሁ። የምሄደው ለሽርሽር ሳይሆን ሥራ ለመቀየር ነው። አራት ዓመት ከምናምን አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ ሳጥብ፣ ሳነሳ፣ ሳስተኛ ኖሬ ወገቤ አልቋል። ጓደኛዬ አልማዝ ደግሞ ከአንድ ወር በፊት ዲስፔንሰሪ ሥራ ገብታለች። ዲስፔንሰሪ ማለት የሐኪም ወረቀት ላላቸው ሕመምተኞች ማሪዋና የሚሸጥበት፣ ኦሃዮ ራሷ ፈቃድ የሰጠችው መደብር ነው። በሰዓት አስራ ዘጠኝ ዶላር ይከፍላሉ። እኔ አስራ አራት ነው የማገኘው።

«ማንንም አታጥቢም፣ ማንንም አታነሺም» አለችኝ አልማዝ። «ካውንተር ላይ ቆመሽ ሰላም ማለት ነው።»

በእሷ በኩል ከአለቃዋ ከጄኒፈር ጋር ተገናኘሁ። ጄኒፈር ወደደችኝና የጉባኤ መግቢያ ሰጠችኝ። ዓርብ ኮለምበስ ላይ ስለ ሕጋዊው ማሪዋና ገበያ ትልቅ ጉባኤ አለ፣ እዪና ተማሪ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያው ውሉን እንፈራረማለን አለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ሃይዌይ ሰባ አንድን ይዞ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ግራና ቀኙ ገና ያልበቀለ የበቆሎ ማሳ። ቤንዚን ጋሎኑ ከአራት ዶላር በላይ ገብቶ ስለነበር ግማሽ ብቻ ሞላሁ። ባሌ ዮሴፍ ከአዳማ ደውሎ ኮለምበስ መግቢያ ላይ ያለችው ግሮቭ ሲቲ እስክደርስ አወራን። የዜግነት ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ፤ ዜግነቱ ሲመጣ የእሱም ጉዳይ ይፈጥናል። ሦስት ዓመት ጠብቆኛል። ስለ አዲሱ ሥራ ስነግረው «የመድኃኒት መደብር ነው» አልኩት። ውሸት አልነበረም፣ ሙሉ እውነትም አልነበረም።

ፒከሪንግተን፣ ሐሙስ አመሻሽ

ያረፍኩት ከኮለምበስ ወጣ ብላ ባለችው በዚህች ከተማ፣ በጋሼ መኮንን ቤት ነው። ጋሼ መኮንን የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸው እንግዳ አያጣም። ከታች ባለው ቤዝመንት ያልተኛ ሐበሻ በኦሃዮ ያለ አይመስለኝም። አልማዝም ኮሮና ገብቶ ሥራዋ ሲዘጋ ሁለት ወር እዚያ ኖራለች። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ዓሣ ጎላሽና ሰላጣ አቅርበው ነበር።

«ለምን መጣሽ ታዲያ?» አሉኝ ጋሼ።

«የጤና ኮንፈረንስ አለብኝ» አልኩ ዓይኔን ከሳህኑ ሳላነሳ።

«ጎበዝ! ስኩል ልትጀምሪ ነው ማለት ነው።»

ከእራት በኋላ እንደ ልማዳቸው ጸሎት ሆነ። ጋሼ ስለ ሀገር፣ ስለ ታመሙ፣ ወጣቶቻችንን ከሐሺሽ ስለመጠበቅ ጸለዩ። እኔም እዚያ ላይ ከሁሉ ጋር አሜን አልኩ። ቀጥለው «የወረቀት ጉዳይ ላለባቸው» አሉ። ወረቀት ማለት የመኖሪያ ፈቃድና ዜግነት ነው፤ ይህን የጸሎት ርዕስ ሁላችንም እናውቀዋለን። እትዬ አስቴር ዴንቨር የሚኖር የወንድም ልጅ አላቸው፤ ከዓመታት በፊት ጀምሮ «ወረቀቱ አልተስተካከለም» እየተባለ እንጸልይለታለን። ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፤ መጠየቅም ነውር ነው።

ዓርብ፣ መሃል ከተማ

ጠዋት ስነሳ ጋሼ ለሥራ ወጥተዋል። ዳውንታውን እንደሚሠሩ አውቃለሁ፣ ምን እንደሚሠሩ ግን ጠይቄ አላውቅም። በሃይዌይ ሰባ ገብቼ፣ ለመኪና ማቆሚያ አስራ አምስት ዶላር ከፍዬ፣ አዳራሹ በር ስደርስ አንድ ፈገግታዋ የማያልቅ ልጅ አንገቴ ላይ መታወቂያ አንጠለጠለችልኝ። ስሜ በትልቁ ተጽፏል፤ ከስሜ በላይ ደግሞ ከስሜ የሚበልጥ አረንጓዴ ቅጠል። ወዲያው ገለበጥኩት።

ውስጥ ስገባ ክው አልኩ። እኔ የጠበቅሁት ፀጉሩን ያንጨባረረ ወጣትና ጭስ ነበር። ያገኘሁት ከረባት ነው! ሕፃናት የማይከፍቱት ብልቃጥ የሚሸጡ፣ የደህንነት ካሜራ የሚሸጡ፣ ለተክሉ የሚሆን መብራት የሚሸጡ። አንድ ሸበቶ ሰውዬ ሃያ ዓመት ፖሊስ ሆኖ በዚህ ቅጠል ሰው ሲያስር እንደኖረ እየሳቀ ነገረኝና፣ አሁን ለመደብሮቹ ካዝና እንደሚሸጥ ጨመረልኝ። ያሰራቸው ሰዎች አሁን የት እንዳሉ ሳልጠይቀው አለፍኩ። በምርኩዝ የሚሄዱ አንዲት አሮጊት ለጉልበታቸው የሚሆን ቅባት ሲጠይቁ አየሁ፤ እኔ የማጥባቸውን እማማ መሰሉኝ። እስከ ምሳ ድረስ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞርኩ። ቀስ በቀስ ግን ልቤ ተመለሰ። ፈቃድ አለ፣ ግብር አለ፣ ፖሊስ ራሱ አለ። እንግዲህ ምን እፈራለሁ?

ምሳው በካርቶን የታሸገ የተርኪ ሳንድዊች ነበር። መብላት ልጀምር ስል ወንበር የተደረደረበት ጋሪ ከፊቴ ቆመ። ጋሪውን የሚገፉት፣ ግራጫ የሥራ ሸሚዝ የለበሱት፣ ጋሼ መኮንን ናቸው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መታወቂያዬ ደግሞ፣ ጉዱ፣ ተገልብጦ ቅጠሉ ወጥቷል።

«የጤና ኮንፈረንስ ይኼ ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ...»

«ይቅርታውን ተዪው። ሲትዝንሽፕ አግኝተሻል?»

ቁጣ ስጠብቅ ይህ ምን ጥያቄ ነው? «አፕላይ አድርጌያለሁ» አልኩ።

«ሳይን አድርገሻል?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።»

በረጅሙ ተነፈሱ። «እኔ እዚህ ወንበር እየደረደርኩ የማልሰማው ስብሰባ የለም። ስምንት ሰዓት ላይ ሦስተኛው ሩም ውስጥ አንዲት ሎየር ታወራለች። እሷን ሳትሰሚ አንድ ወረቀት እንዳትነኪ። ሰማሽኝ?»

ገባሁ። ጠበቃዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴት ናቸው። ስለ ባንክና ስለ ግብር ብዙ ካወሩ በኋላ ስለ ሠራተኞች አነሱ። ኦሃዮ ፈቅዳለች፤ የፌዴራል መንግሥት ግን አልፈቀደም። ዜግነት የሚሰጠው ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በሕጋዊ መደብር፣ በሕጋዊ ደመወዝ ቢሠራ እንኳ፣ በኢንተርቪው ላይ መልካም ጠባይ የለህም ተብሎ ዜግነት ሊከለከል ይችላል። ከሀገር ወጥቶ መመለስም ሊያስቸግረው ይችላል።

አዳራሹ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ማስታወሻ ይጽፋል፤ እኔ ግን ለአልማዝ የዜግነት ኢንተርቪው የቀረውን ቀን እቆጥራለሁ። ቀና ብዬ ሳይ ጋሼ መኮንን በሩ ጋ ጋሪያቸውን ይዘው ቆመዋል።

እጄን አወጣሁ። «አንድ ጓደኛዬ ሥራውን ጀምራለች። ኢንተርቪዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው» አልኩ።

ጠበቃዋ መነጽራቸውን አወረዱ። «ዛሬውኑ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታናግር። ኢንተርቪው ላይ እንዳትዋሽ፤ ውሸቱ የባሰ ነው። ግን ሳታማክር እንዳትገባ» አሉኝ።

ለጄኒፈር ምክንያቱን ነግሬ አልፈርምም ስላት ፊቷ ልውጥ አለ። እውነትም አታውቅም ነበር። «አልማዝ ዜጋ መስላኝ ነበር» አለች። አልማዝን፣ ለስንት ነገር ወረቀት ስትሞላ የኖረችን ልጅ፣ ይህን ብቻ የጠየቃት የለም።

ጋሼን በአዳራሹ የኋላ በር አገኘኋቸው። ከወንዙ ማዶ ያለውን የፍራንክሊንተን ሰፈር እያዩ ውሃ ይጠጣሉ።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«የአስቴር ወንድም ልጅ» አሉኝ። «ዴንቨር ተክሉን ይኮተኩት ነበር፣ በላይሰንስ። ሲትዝንሽፑን ዲናይ አደረጉት።»

ያ ሁሉ የጸለይንለት «ወረቀት»! ተናደድኩ፣ ምን እደብቃለሁ። «ለምን አልነገሩንም ጋሼ?»

«ምን ብዬ? በሽማግሌ ቤት ሐሺሽ ተብሎ እንዴት ይነሳል? ሰው ምን ይላል ብለን...» ከዚያ ጠርሙሱን ከድነው «አንቺስ ማታ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ።

ሁለታችንም እዚያው ማዕድ ላይ ተቀምጠን ዋሽተን ነበር።

መመለሻ

አስር ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ደቡቡን ይዤ ስነዳ፣ በማሳው መሃል ስለ ሲኦል የሚያስጠነቅቀውን የታወቀ ሰሌዳ አለፍኩት። ሁልጊዜ ያስቀኛል። የዚያን ዕለት አላሳቀኝም። ለዮሴፍ ደውዬ ሁሉንም፣ ቅጠሉን ጨምሬ፣ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ሦስት ዓመት የጠበቅሁ አራተኛ አያቅተኝም፣ ግን ከእንግዲህ ነገሩን በስሙ ጥሪልኝ» አለ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። የኮለምበስ ጉባኤ አይደለም ያስደነገጠኝ። ያስደነገጠኝ አንድ ቃል ለመናገር በማፈር ስንት ሰው ዓይኑ እያየ ገደል ሊገባ እንደሚችል ነው።

ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ አልማዝ ጋ ሄድኩ። ገና ብርሃን ነበር። አረንጓዴ የሥራ ሸሚዟን እንደለበሰች ከፈተችልኝ።

«ፈረምሽ?» አለች እየሳቀች።

አስቀምጬ ነገርኳት። ስለ ጠበቃዋ፣ ስለ ኢንተርቪው፣ ስለ እትዬ አስቴር ወንድም ልጅ፣ ከመንገድ ደውዬ ለሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ስለያዝኩበት የኢሚግሬሽን ጠበቃ። አላለቀሰችም። የሸሚዟን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈታች፣ አጣጥፋም ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚያ ስለ ዴንቨሩ ልጅ ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ደገምኩላት።

«በጋሼ ቤት ሁለት ወር ሙሉ በየማታው በስሙ እየጠራሁ ጸልዬለታለሁ» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ምን ሆኖ ነው አላልኩም።»