አባቴ መነጽሩን እንደ ኮርቻ የሰፉበት ክረምት

አባቴ ኮርቻ ሠሪ ነበሩ። ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ባለችው ሱቃቸው ዕድሜ ልካቸውን ያስጨነቃቸው አንድ ነገር ነው፤ በቅሎዋ ገጣባ እንዳትሆን። ጠፍሩ ከጠበቀ፣ ወይም አንዲት ስፌት ጎርበጥ ካለች፣ ጀርባዋ ተልጦ ይቆስላል። ሰው የኮርቻውን ጌጥ ሲያደንቅ እሳቸው ገልብጠው ሆዱን ይዳስሳሉ። እኔ ደግሞ ያን ክረምት የቪአር መነጽር ይዤላቸው መጣሁ።

እናቴ ለወንድሟ ለቅሶ ከይፋግ ወዲያ ወዳለው የትውልድ መንደሯ እንደሄደች እዚያው ታማ ሞተች። ያኔ አባቴ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ነበሩ። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ቀብር አይዘገይም፤ በዚያው ቀን ተቀበረች። መንደሩ መኪና አይገባውም፣ አባቴ ደግሞ ከዚያ ወዲያ በቅሎ ላይ መቀመጥ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ "ቀብሯ ላይ ሳልቆም" እያሉ ግድግዳውን ሲያዩ ይውላሉ። አንጀቴን ይበሉት ነበር።

ስለዚህ ዙሪያውን የሚቀርጽ ካሜራ ይዤ፣ በቅሎ ተውሼ፣ መኪና ከሚቆምበት ጀምሮ መንገዱን እስከ መቃብሯ ድረስ ቀረጽኩት። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። መነጽሩን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አገኘሁ፤ ዓይን ላይ ታስሮ ሰውን ሌላ አገር የሚያደርስ ዕቃ ነው።

መጀመሪያ ቀን መነጽሩን እኔው አሰርኩላቸው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

"ጉሙ ዛሬም እዚያው ነው" አሉ በለሆሳስ።

ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ። እዚያ ጋ ጤፉ ገና ለጋ ነው፤ ነፋሱ ሲነካው ይተኛል፣ ደግሞ ይነሳል። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው በቅሎ ይጋልባሉ፤ እግራቸው በብርድ ልብሱ ውስጥ እርካብ ይፈልጋል። ሳያቸው ቤቱ ራሱ ቀስ እያለ የሚሄድ መሰለኝ።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ "አውርጂኝ!" ብለው ጮኹ። መነጽሩን ሳወልቅላቸው ግንባራቸው ቀልቷል፣ አፍንጫቸው ተልጧል፣ አንገታቸው ወደ ፊት ተጎትቶ ደንዝዟል። በማግሥቱም ከወንዙ አላለፉም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

"አባ፣ ወንዙን ዘልዬ መቃብሩ ጋ ላድርስዎት? አንድ ቁልፍ መጫን ነው" አልኳቸው።

"ኤዲያ! እሷ ዘንድ ዘልዬ ነው የምሄድ? በመንገዱ ነው እንጂ!"

"እንግዲያ ሥቃዩን ይቻሉት!" ቱግ አልኩ።

መነጽሩን ገልብጠው ሆዱን ዳሰሱት። "ይህን የሠራ ሰው በቅሎ ጭኖ አያውቅም። ሸክሙን ሁሉ ፊት ላይ ከምሮታል። ገጣባ አደረግሽኝ እኮ፣ አንቺ ልጅ!"

በማግሥቱ ከገበያ ስመለስ የመነጽሩ ስፖንጅ ወልቆ መሬት ላይ ወድቋል። ክው አልኩ። "አባ፣ የሰው ዕቃ እኮ ነው!" ማን ሰምቶኝ። ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ የከረመው እጃቸው ወስፌ ይዞ የበግ ቆዳ ይሰፋል። ጠጉሩን ፊት ወደሚነካው በኩል አዙረው፣ ለግንባር ወፈር፣ ለጉንጭ ሳሳ አደረጉት። ጠፍሩን ቆባቸው ላይ እንዲያልፍ ቀጠሉት። ከኋላው ትንሽ የቆዳ ከረጢት ሰፍተው የተሰበረ የእርካብ ብረት ከተቱበት፤ የፊቱ ክብደት ከኋላው ጋር ተመዛዘነ። ራሴ ላይ ሞከርኩት። ወላሂ፣ ምንም ያደረግሁ አልመሰለኝም።

አንድ ነገር ብቻ አናደደኝ። ከአፍንጫው ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትተዋል።

"ብርሃን ይገባል እኮ፤ እዚያ ያሉ አይመስልዎትም" አልኳቸው።

"ተዪው።"

"አንቱ እንዲህ ያለ ሥራ ለደንበኛ አይሰጡም!"

"ተዪው አልኩሽ።"

ዓርብ ከሰዓት በኋላ "ቢስሚላህ" ብለው አደረጉት። የቀረጽኩት እኔ ነኝና ወንዙ ጋ መቼ እንደሚደርሱ አውቃለሁ። ውኃው የበቅሎዋ ጉልበት ሲደርስ አባቴ እግራቸውን ሰበሰቡ፤ ተሻገሩ። ዳገቱን ወጡ። አንዴ ወደ ማሳው ዞረው ፈገግ አሉ፣ ምን እንዳዩ አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ ትከሻቸው ዝቅ አለ። እንደደረሱ አወቅሁ።

እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። መነጽሩ ውስጥ ሰው እጅ የለውም፤ ዝቅ ብሎ ቢያይ ሣሩን እንጂ ራሱን አያገኝም። እኔ ስቀርጽ ይህ ትዝም አላለኝ፤ እሳቸው ግን በሦስቱ ቀን አይተውት ኖሯል። ዓይናቸውን በክፍተቱ በኩል ዝቅ አድርገው የገዛ መዳፋቸውን አገኙ። ስነጫነጭባቸው መክረሜ አሳፈረኝ፤ አለቀስኩ። እኔም እጄን ዘረጋሁ።

ዱዓውን ጨርሰው ፊታቸውን ሊያብሱ መዳፋቸውን ሲያነሱ መነጽሩ ላይ በሰፉት ቆዳ ላይ አረፈ። እዚያው ላይ አሳለፉት።

"ዘገየሁብሽ" አሏት። "ኮርቻው አልመች ብሎኝ ነው።"