በአርሊስ መሳቢያ ውስጥ የቀሩት ቤቶች

አርሊስ ቶልፍስሩድ ሰው ስትንቅ አትደብቅም ነበር። በዊስኮንሲን ኮረብታዎች መካከል፣ ሄግ ክሪክ በምትባል ከተማ፣ በገበሬዎቹ የስልክ ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ስትሠራ አምስት ሥራ አስኪያጅ አሳልፋለች። ከአምስቱ አንዱን ብቻ «ይኼስ ቢያንስ እንደማያውቅ ያውቃል» ብላ አመስግናዋለች። ሰውየው ሲሞት ቀብሩ ላይ የተናገረችውም ይህንኑ ነው፤ ሚስቱ እስከ ዛሬ ሰላም አትላትም።

ያደገችው ከላሞች ጋር ነው። አባቷ ከብቶቹን ሸጦ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ሲሆን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ወንድሞቿ ሲያለቅሱ እሷ ደስ አላት። ዕድሜውን ሙሉ ላም ሲከተል የኖረ ሰው መጨረሻው ላም ነው ትል ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቷ ማኅበሩ ውስጥ ገብታ ምሰሶ ላይ እየወጣች የመዳብ ሽቦ ትቀጥል ጀመር። ወንዶቹ ከታች ሆነው ሲስቁባት፣ ከላይ ሆና ስለ ሽቦ አቀጣጠላቸው የለቀቀችባቸውን ስድብ ጡረታ እስኪወጡ አልረሱትም። መዳቡ ፋይበር በሚሉት የመስታወት ክር ሲተካ፣ ስልኩን ኢንተርኔት ሲውጠው፣ መጽሐፍ እያዘዘች ብቻዋን ተማረች። ባሏ ሮላንድ «ካንቺ ጋር መኖር በየቀኑ ፈተና እንደ መውደቅ ነው» ብሎ ጥሏት ሄደ። አርሊስ ይህን ለእህቷ ለሎርና ነግራት፣ «ፈተናው ደግሞ ቀላል ነበር» ብላ ጨመረችበት።

ከምትንቃቸው ገበሬዎች መካከል ዴልማር ክቫሜ ልዩ ቦታ ነበረው። ስድሳ ላሞች የሚያልብ፣ ቁጥብ፣ ረጅም ሰው ነው። ድሮ የማኅበሩ ቦርድ አባል ሳለ፣ የመስታወቱ ክር ሊዘረጋ በተመከረበት ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «መስታወት መብረቅ አይስብም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። መብረቅ የሚያስተላልፈው መዳቡ እንጂ መስታወቱ አይደለምና አርሊስ ይህቺን ጥያቄ ሃያ ዓመት መሳቂያ አደረገቻት። ዓርብ ዓርብ የተጠበሰ ዓሣ በሚበላበት መጠጥ ቤት ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ሰብስባ ታወራታለች። አንድ ቀን ዴልማር ራሱ ከኋላዋ ተቀምጦ ሰማ። አፉን በወረቀት ጠረግ አድርጎ ዓሣውን መብላቱን ቀጠለ።

ስድስተኛው ሥራ አስኪያጅ ብሬነን ስቶፈር ከሚልዋኪ መጣ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሲሆን ክረምት ከበጋ እጅጌ የሌላት ጥቁር ሰደርያ ይለብሳል። በመጀመሪያው ሳምንት የማኅበሩን አባላት «ደንበኞቻችን» ብሎ ጠራቸው። ማኅበሩን የመሠረቱት፣ ምሰሶውን በገዛ ፈረሳቸው ጎትተው ያቆሙት የእነዚሁ ገበሬዎች አያቶች ናቸው። አርሊስ ገበሬዎቹን ከቁብ ባትቆጥርም ባለቤቱን ደንበኛ ብሎ የሚጠራ ቅጥረኛን ግን ከገበሬዎቹም በታች አስቀመጠችው።

በዚያው ዓመት የማኅበሩ የኢንተርኔት አድራሻ አለቀ። አሮጌው አድራሻ፣ አራተኛው ስሪት የሚባለው፣ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ነው፤ ለዓለም ሕዝብ መዳረሱን ካቆመ ቆይቷል። አዲሱ፣ ስድስተኛው ስሪት፣ ረጅምና ፊደል የተቀላቀለበት ሲሆን ለእያንዳንዱ የሣር ቅጠል ቢታደል አያልቅም። ሁለቱ ግን አይግባቡም፤ ግማሹ ዓለም ደግሞ ገና በአሮጌው ላይ ነው። ስለዚህ ቤቶቹ ሁሉ አዲስ አድራሻ እንዲይዙ፣ በማኅበሩ ዋና ራውተር ላይም ተርጓሚ እንዲቆም ተወሰነ። ተርጓሚው ከአዲስ አድራሻ የወጣውን መልእክት ተቀብሎ በአሮጌ አድራሻ ይልከዋል፤ መልሱ ሲመጣም የማን እንደነበር አስታውሶ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።

ያንን ተርጓሚ አርሊስ ብቻዋን በስድስት ሳምንት ሠርታ አቆመችው። ሲሞከር አንድም መልእክት አልጠፋበትም። ብሬነን ለማኅበሩ መጽሔት ከራውተሩ ጋር ፎቶ ሊነሳ ገባና ራውተሩ መስሎት እጁን የክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ ላይ አሳርፎ ተነሣ። አርሊስ አላረመችውም።

ሆኖም አንድ ቀዳዳ እንዳለ ታውቅ ነበር። ተርጓሚው የሚሠራው መሣሪያው የሚፈልገውን በስም ሲጠይቅ ነው፤ ስም ሲጠራ ወደ ተርጓሚው የሚወስድ አድራሻ ይሰጠዋል። ፋብሪካው አሮጌውን ቁጥር ሆዱ ውስጥ የጻፈበት መሣሪያ ግን ማንንም አይጠይቅም። ያንኑ ቁጥር ይጣራል፤ የሚሰማው የለም። መድኃኒቱ በየቤቱ ባለችው የማኅበሩ የኢንተርኔት ሣጥን ውስጥ ትንሽ ተርጓሚ ማብራት ነው። አዳዲሶቹ ሣጥኖች ላይ ከቢሮ ሆኖ ይበራል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤቶች ግን ይህን የማይችል አሮጌ ሣጥን ነበራቸው፤ ተሂዶ መቀየር አለበት። አርሊስ ስማቸውን በዝርዝር አትማ ይዛ ወደ ብሬነን ገባች።

«እነዚህ ሳይቀየሩ አዲሱን አሠራር ከከፈትከው የሚበላሽ ነገር አለ» አለችው።

«ምን ይበላሻል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ገበሬ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሰካ ማን ያውቃል? አሮጌ ካሜራ፣ የበር ደወል።»

«ስንት ሰው ይደውላል ብለሽ ነው?»

«ጥቂት።»

«በቃ፣ ለደወለው እንቀይርለታለን። አርሊስ፣ ሁሉን ነገር ገደል አታስመስዪብኝ።»

ያንኑ በሁለት መስመር ጽፋ በኢሜይል ላከችለት። መልሱ የአውራ ጣት ሥዕል ነበር። ዝርዝሩን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችና ገፋችው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ደውሎ ምን እንደተሰካ መጠየቅ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ይህን ልቧ ያውቃል። አልደወለችም። ሰውየው በገዛ ቂልነቱ ሲዋረድ ማየት ፈለገች። ለዚያ ደግሞ አንድ ነገር መበላሸት ነበረበት።

ነሐሴ ላይ አዲሱ አሠራር ተከፈተ። ጥቂት ሰዎች ደወሉ፤ የአንዱ ካሜራ፣ የሌላው የጨዋታ መሣሪያ። በመስከረም አንድ ረቡዕ ዴልማር ክቫሜ ደወለ። የወተት ማጠራቀሚያው ላይ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ቀይ አብርቷል። መሣሪያው በየአምስት ደቂቃው የወተቱን ሙቀት ለአንድ ጠባቂ ድርጅት ይልካል፤ ወተቱ ከሞቀ ድርጅቱ ለዴልማር ስልክ ይደውላል። ስልክ የምትቀበለው ኬይሊን ነቅለው መልሰው እንዲሰኩት ነገረችው። ነቀለ፣ ሰካ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አመስግኖ ዘጋ።

የጥሪው ማስታወሻ አርሊስ ፊት መጣ። አረንጓዴው መብራት መሣሪያው ከግድግዳው ሣጥን ጋር መገናኘቱን ብቻ እንደሚያሳይ፣ ከሣጥኑ ወዲያ አንዲት ቃል እንደማያልፍ በአንድ እይታ ገባት። ስሙን አየችና ሳቀች።

«መብረቁ አገኘው» አለቻት ኬይሊንን።

ማስታወሻውን ለብሬነን አስተላልፋ ወደ ምሳዋ ሄደች።

እሑድ ጠዋት ዴልማር አልቦ ጨርሶ የልጅ ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ ላ ክሮስ ከተማ ሄደ። እሱ በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የማጠራቀሚያው ማቀዝቀዣ ተቃጠለ። መቆጣጠሪያው ሙቀቱ ሲወጣ አየ፤ ቁጥሩን ተጣራ፤ ቀኑን ሙሉ ተጣራ። የዴልማር ስልክ ኪሱ ውስጥ ዝም አለ። ማታ የሚያልብለት ጎረቤት አረንጓዴውን መብራት አይቶ የማታውን ወተት በሞቀው ላይ ጨመረበት። ሰኞ ጠዋት የወተት መኪናው መጣ። ሾፌሩ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ፣ ሙቀቱን ለካ፣ ቱቦውን ሳያወርድ ክዳኑን መልሶ ከደነ። የሁለት ቀን ወተት ወደ ፍግ ጉድጓድ ተለቀቀ።

ማክሰኞ ዴልማር ከነቦት ጫማው ቢሮ ገባ። ብሬነን ቡና አቀረበለት፤ አልነካውም። ብሬነን ጠረጴዛው ላይ እየተደገፈ፣ መሣሪያው ያረጀ መሆኑን፣ ዓለም ወደ አዲሱ መሄዱን አስረዳው።

«እኔም አርጅቻለሁ» አለ ዴልማር፤ «ወተቱ ግን የዚያኑ ዕለት የታለበ ነበር።»

ብሬነን ነገሩን በሙያ እንድታብራራ አርሊስን አስጠራት። ይህን ጥሪ ስትጠብቅ ነበር። መሳቢያዋን ከፈተች፣ ዝርዝሩን አወጣች፣ ገብታ በሁለቱ መካከል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ስምዎ አርባ ሰባተኛው ነው» አለችው ለዴልማር። «እንደሚበላሽ ነግሬው ነበር። በጽሑፍ።»

ብሬነን ፊቱ ቀላ። አርሊስ ሽማግሌው ወደ እሱ እንዲዞር ጠበቀች። ዴልማር ግን መነጽሩን አድርጎ በጣቱ ስሙን ፈለገ፤ አገኘው። ከዚያ ከወረቀቱ ግርጌ ያለውን ቀን አነበበ።

«ይኼ የሐምሌ ነው።»

«አዎ።»

«ረቡዕ ስደውልስ አውቀሻል?»

አርሊስ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረች። ኬይሊን ከክፍት በሩ ወዲያ ባለው ጠረጴዛዋ አንገቷን ደፋች።

«ስልኬን ያስገባሽልኝ አንቺ ነሽ» አለ ዴልማር። «ምሰሶው ላይ ወጥተሽ። ሚስቴ ኬክ ሰጥታሻለች። ቁጥሩ ያው ነው፣ አልቀየርኩትም።» በዓይኑ ወደ ብሬነን አመለከተ። «እሱ ቂል ነው፤ ቂል ምን ይደረጋል። አንቺ ግን ታውቂ ነበር።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። አርሊስ በሕይወቷ ብዙ ሰው እንዲያ በንቀት አይታ ታውቃለች፤ እንዲያ ታይታ ግን አታውቅም ነበር።

ማታ ከእህቷ ጋር ካርታ ሲጫወቱ ነገሩን ሁሉ ተረከችላት። የብሬነንን ሰደርያ፣ አውራ ጣቱን፣ ማቀዝቀዣውን አንድም ሳታስቀር። በመጨረሻ «እኔ ምን አደረግሁ?» አለች።

ሎርና ካርታዋን ጣል አደረገች። «ምንም። ሰውየውም የሚልሽ እሱኑ ነው።»

በማግስቱ አርሊስ የማኅበሩን መኪና አዳዲስ ሣጥኖች ጭና ወጣች። ብሬነን ማን እንደፈቀደላት ሲጠይቃት መንገዱን እንዲለቅላት ብቻ ነገረችው። በቀን አምስት፣ ስድስት ቤት ትገባለች። አልተለወጠችም፤ ያው አርሊስ ነበረች። ሣጥኑን ከድመት ምግብ ሥር ያስቀመጠውን ታዋርደዋለች፣ ሽቦውን በምስማር የቸነከረውን ትሰድበዋለች። ነገር ግን ሣጥኑ ከተቀየረ በኋላ ቤቱ ውስጥ ያለውን የተሰካ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ሳትሞክር አትወጣም ነበር።

በሃያ ሦስተኛው ቤት ሃርየት ኒትሊንግ የምትባል የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት መበለት አገኘች። አንገቷ ላይ የድረሱልኝ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ብትወድቅ ተጭናው አምቡላንስ የሚጠራ። አርሊስ እንድትጫነው ጠየቀቻት። አሮጊቷ ተጫነች። ግድግዳው ላይ ያለችው መሣሪያ አረንጓዴ እንዳበራች ዝም አለች። ከነሐሴ ጀምሮ ሰባት ሳምንት እንዲሁ ዝም ብላ ነበር። አርሊስ አሮጌውን ሣጥን ነቅላ አዲሱን ሰካች። እንደገና ሲሞከር የአንድ ወንድ ድምፅ «ወይዘሮ ኒትሊንግ፣ ምን ልርዳዎት?» አለ።

«ምንም አልሆንኩም» አለች ሃርየት፤ «አንዲት ቁጡ ሴትዮ ናት ተጫኚ ያለችኝ።»

አርሊስ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ዝርዝሩ ላይ የቀሩትን ስሞች ቆጠረች። «የበር ደወል» ብላ ነበር ለብሬነን የነገረችው። ምን እንደተሰካ ሳትጠይቅ፣ ከበር ደወል የሚበልጥ ነገር ሊኖራቸው ይችላል ብላ ሳታስብ።

ኅዳር መጨረሻ፣ ሰው ሁሉ በስሕተት እንዳይመታ ብርቱካንማ ለብሶ አጋዘን አደን በወጣበት ሳምንት፣ ከዝርዝሩ የቀረው አንድ ቤት ብቻ ነበር። የክቫሜን ቤት መጨረሻ ያደረገችው ከመንገድ ወጣ ያለ ስለሆነ ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ግቢው ውስጥ ስትገባ ግን በወተት ቤቱ ጣሪያ ላይ አዲስ የሳተላይት ኢንተርኔት ሳህን አየች። ዴልማር ባልዲ ይዞ ከላሞቹ በረት ወጣ።

«ሣጥን ይዤ መጥቼ ነበር» አለች።

«ይታየኛል።»

ሳህኑን ቀና ብላ አየችው። የተገጠመው በጣሪያው ዝቅተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከላይኛው ጣሪያ የሚንሸራተት በረዶ ሁሉ የሚወርደው እሱ ላይ ነው። የገጠመው ሰው ደደብ ነው። ምላሷ ላይ ደረሰ፤ መለሰችው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ስቃ፣ አንድም ቃል ሳትተነፍስ፣ በረዶውን ትጠብቅ ነበር።

«በረዶ ይወርድበታል» አለችው። «ሲወርድበት ምንም አይልክም። ወደ ላይኛው ጣሪያ ያዛውሩልዎት።»

ዴልማር ሳህኑን፣ ከዚያ እሷን አየ። «ያኔ መብራቱ ምን ይሆናል?»

«ቀይ።»

«እንግዲያው ከናንተው ይሻላል» አለና ባልዲውን ከግራ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ። «መሰላል አለኝ።»

ወደ በረቱ ተመልሶ ገባ። አርሊስ ሣጥኑን መኪናው ውስጥ መልሳ አስቀመጠች። በጭቃው ግቢ ውስጥ ወደኋላ እየነዳች ስትወጣ ውሻው እስከ አስፋልቱ ድረስ እየጮኸ ሸኛት።