የግራው መስመር

የተጎዳ የመኪና ቆርቆሮ ሲያቃና የኖረው ባትላሜራው ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ የምታማርርበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ብርሃን ይሻማታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት ማሽኗ ያለው ሳሎኑ መስኮት ስር ነው። እሱም ትንንሽ የብረት መኪናዎቹን የሚመረምረው እዚያው መስኮት ስር ነው። እሷ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ስትሰፋ፣ እሱ ከመዳፍ የማትበልጥ መኪና ወደ ፀሐይ ዘቅዝቆ ሲያይ፣ ትከሻ ለትከሻ ሲጋፉ ይውላሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጆችህ አባታችን መጫወቻ ይገዛልናል ብለው ጠብቀው ጠብቀው ተስፋ ቆረጡ፤ ይኸው ዛሬ ለራስህ ትገዛለህ» ትለዋለች።

«ያኔ ጠንከር ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ አብረን እንጫወት ነበር» ይላታል፣ ዓይኑን ከመኪናዋ ሳያነሳ።

መኪናዎቹ አራት ሲሆኑ አራቱም የአንድ መኪና አምሳያ ናቸው። አፍንጫው ረጅም፣ ጭራው አጭር፣ በሩ ሁለት ብቻ፣ ኮፈኑ ስር ስምንት ሲሊንደር የታጨቀበት፣ ሲነሳ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የሚያስጮኽ የድሮ መኪና ነበር። አምሳያዎቹ ታዲያ አንዳቸውም ውድ አይደሉም። መስታወት ውስጥ ተቆልፈው የሚቀመጡት፣ ሻጩ በጓንት የሚያነሳቸው ዓይነቶችም አሉ፤ እነሱን ቆሞ አይቷቸዋል፣ ግን «እጅ የማይነካውን ዕቃ ምን ላደርገው» ብሎ አልፏቸዋል።

የመጀመሪያዋን ያገኛት የጡረታ ፎርም የሚሞላበት እስክሪብቶ ሊገዛ ከገባበት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነው። እስክሪብቶውን ረስቶ መኪናዋን ይዞ ወጣ። ጎማዎቿ ትልልቅ ስለሆኑ የአባቱን ጫማ ያጠለቀ ሕፃን ትመስላለች፤ ጣሪያዋ ግን ልክ ነው። ሁለተኛዋን ሴት ልጁ ለልደቱ አመጣችለት። ቁመናዋ ከሁሉም ይሻላል፣ ነገር ግን መስታወቷ ደፍርሷል፤ በሮቿም በቀለም የተሰመሩ እንጂ የተቆረጡ አይደሉም። ሦስተኛዋ በሯም ኮፈኗም ይከፈታል። ይከፈታል ሲባል ግን ሲዘጋም ክፍት ነው፤ በክፍተቱ ጉንዳን ሰልፍ ሠርቶ ቢገባ ሰፍቶት ያልፋል። አራተኛዋ፣ ከሁሉም የረከሰችው፣ መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ከምላጭና ከካልሲ ጋር ተደርድራ ያገኛት ቀይ መኪና ናት። ቀለሟ እንደ ማር ወፍሯል፤ አጨራረሷም ዓይን አይሞላም። ባትላሜራው ግን ከሁሉም አብልጦ የሚያነሳት እሷን ነው።

ሌላ ሰው መኪና ሲያወዳድር ከፊት መብራት ይጀምራል። እሱ የሚጀምረው ከኋላ፣ ከግራ ጎን ነው። የዚህ ምክንያት የሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ አለው።

ያኔ ወጣት ነበር። የሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ አንድ የጥርስ ሐኪም እውነተኛውን መኪና ይዞ መጣ። ሰውየው መኪናውን ከሚስቱ አስበልጦ ይወዳል ይባል ነበር፤ ይህንን የምታወራውም ራሷ ሚስቱ ነበረች። አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ የግራ ኋላውን ጨፍልቆታል። ከበሩ ተነስቶ በኋላ ጎማው ላይ አልፎ እስከ ኋላ መብራቱ የሚዘልቀው ስለታም መስመር፣ የመኪናው ሁሉ ውበት፣ ድራሹ ጠፍቷል። የጋራዡ ዋና ሠራተኛ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሰው፣ ሥራውን ለወጣቱ ባትላሜራ ሰጡት። ለብቻው የተሰጠው የመጀመሪያ ሥራው ነበር።

ሦስት ሳምንት መታው። መዶሻ ይዞ አንድ ጊዜ ይመታል፣ ከዚያ መዳፉ ላይ ስስ ጨርቅ አልብሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆርቆሮውን ይዳስሳል። አሠራሩን ያስተማሩት ጋሼ ናቸው። «ዓይንህን ጨፍን፤ የምታየው ነገር ያሳስትሃል» ይሉት ነበር። ሥራው ባለቀ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ መስመሩን ከበሩ ጀምሮ በመዳፉ ተከተለው። መስመሩ ጎማውን አልፎ፣ አንድም ቦታ ሳይሰበር፣ እስከ መብራቱ ወሰደው። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ጋሼ ያን ሳምንት ወገባቸውን አሟቸው ተኝተው ስለነበር አላዩለትም። መኪናውን ለቀለም ቀቢው አስረከበ። ቀለም ቀቢው አብሮት በአንድ ቀን የተቀጠረ ጓደኛው ነበር።

ከስምንት ቀን በኋላ መኪናው ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ወጣ። ጋሼ ወገባቸውን ይዘው መጥተው ዞሩት። ግራው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መስመሩ ጎማው ላይ ሲደርስ ይደክማል፤ ከመብራቱ ሁለት ስንዝር ሲቀረው ጭራሽ ይጠፋል።

«የግራው መስመር ሞቷል» አሉ፣ ሠራተኛው ሁሉ በቆመበት። አልጮኹም። «አይዞህ ልጄ። ያንተ እጅ ለጠፍጣፋ ነገር ነው የተፈጠረው።»

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። «በመዳፌ አግኝቼው ነበር እኮ» ሊል አፉን ከፍቶ፣ ፀሐይዋ እውነቱን እያሳየችው ምን ብሎ! ዝም አለ። ጥርስ ሐኪሙ ምንም ሳያይ እያፏጨ ነድቶት ሄደ፤ ባትላሜራው ግን ያን ቀን በገዛ እጁ ላይ የነበረው እምነት ተሰበረበት። ወር ሳይሞላ ጋራዡን ለቆ አውቶብስ ድርጅት ገባ። የአውቶብስ ጎን ልሙጥ ነው፤ መስመር የሚባል ነገር የለበትም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ልሙጥ ቆርቆሮ ሲያቃና ኖረ። ከፍቶት ኖረ ማለት ግን ውሸት ነው። ደመወዙ ቀን አያልፍም፤ የሥራ ጓደኞቹ ሲስቁ ጣሪያው ይነቃነቃል፤ የቀለም ቀቢውን እህት አግብቶ ሦስት ልጆች አሳደገ። እሱ ያቃናውን አውቶብስ የቱ ጋ ተመትቶ እንደነበር ፈልጎ የሚያገኝ አልነበረም፤ በዚህ ሥራ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ብቻ ጎረቤት የቤት መኪናውን ይዞ መጥቶ «እባክህ ይቺን ጎኗን እይልኝ» ያለው እንደሆነ፣ «እሱ ይቅርብኝ፣ እጄ ለሱ አይሆንም» ይላል። ትሕትና ይመስላቸዋል። እሱ ግን ከልቡ ነው።

ያችን የመጀመሪያ መኪና ሱቅ ውስጥ ሲያያት እስክሪብቶውን ያስረሳው ይህ ነው። ያ መኪና የት እንደገባ አይታወቅም፤ ጋሼም ካረፉ ቆይተዋል። ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ መኪና ምን ልትነግረው እንደምትችል ራሱም አያውቅም ነበር። ማወቅ የሚፈልገውን ግን በደንብ ያውቀዋል፤ ያን ቀን መዳፉ ዋሽታው ነበር ወይስ አልዋሸችውም?

ሦስቱ መኪናዎች መስመራቸው ደህና ነው። የአንዷ ወፈር፣ የሌላዋ ቀጠን ይላል እንጂ ሁሉም መብራቱ ጋ ይደርሳል። ቀይዋ ግን መስመሯ በቀኝ ጎኗ ደህና ሄዶ፣ በግራ ጎኗ ልክ ጎማው ላይ ይጠፋል። መጀመሪያ ሲያያት ድንግጥ አለ፤ ከዚያ ለብቻው ሳቀ። «አንቺስ የኔው ነሽ» አላት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቀለም ቀቢው እንደ ልማዱ መጣ። ሦስት ቤት አልፎ ነው የሚኖረው፤ የእህቱን ምሳ ቀምሶ፣ ባትላሜራውን ሲያበሽቅ ውሎ ይሄዳል።

«ዛሬስ የቱ አሸነፈ? ዋንጫውን ለማን ሰጠኸው?»

«ና ይቺን ዳስስ» አለው ባትላሜራው ቀይዋን እየሰጠው። «ዓይንህን ጨፍንና በአውራ ጣትህ። ዓይኔ መስመር የለም ይለኛል፣ ጣቴ ደግሞ አለ ይለኛል። እዚህ ጋ፣ በጣም ስስ ሆኖ።»

ቀለም ቀቢው ተቀብሎ አያት። ዓይኑን አልጨፈነም። «ቀለሙ ሳይደርቅ በግራ ጎኗ አጋድመው ሰቅለዋታል። ቀለሙ ሁሉ ወደዚያ ወርዶ ተኝቷል» አለ፤ እንዲህ ያለውን ነገር አንዴ አይቶ ነው የሚያውቀው። ወዲያው ግን ምላሱን የነከሰ መሰለ።

«እንዲያ ከሆነ ቀለሙን እናንሳው። ማስለቀቂያ ካንተ አይጠፋም።»

«ተወው ባክህ። ለዚች ለማትረባ ዕቃ!»

«አምጣ እንጂ፣ ምን ይጎዳሃል?»

«የሰውን ቤት በማስለቀቂያ ሽታ ልሞላው?»

«በረንዳ ላይ አድርጉት» አለች ሚስትየው ከማሽኗ ሳትነሳ። «ብቻ አንዴ ይገላግለኝና መስኮቴን ይልቀቅልኝ።»

ቀለም ቀቢው ማስለቀቂያውን ሊያመጣ ሄደ። ሦስት ቤት አልፎ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ሲመለስ ያ ሁሉ ቀልድ የለም፤ ጠርሙሱን የታመመ ሕፃን እንደያዘ ሰው በሁለት እጁ ይዞታል።

በረንዳው ላይ መኪናዋን አሮጌ ጣሳ ውስጥ አስተኝተው ፈሳሹን አፈሰሱባት። ቀዩ ቀለም ትንሽ ቆይቶ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማደደ፤ ከዚያ መላቀቅ ጀመረ። ባትላሜራው ጓንት አጥልቆ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተጋት፣ አጠባት፣ በጨርቅ አደረቃት። ግራጫ ብረት ብቻ ቀረ። ጓንቱን አወለቀና ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን በግራ ጎኗ ላይ አስኬደ።

መስመሩ ከበሩ ተነስቶ፣ ጎማውን አልፎ፣ እስከ መብራቱ ደረሰ።

«ነበረ!» አለ፣ ዓይኑን ሳይከፍት። «ከስር ሙሉውን ነበረ! ቀለሙ ነው የበላው። አየህ አይደል?»

ይህን ያለው ስለ መጫወቻዋ ነበር። ማንንም ሊነካ አስቦ አይደለም። ቀለም ቀቢው ግን የበረንዳውን ብረት ያዘ።

«ያንተም ነበረ» አለ።

«ምን?»

«የጥርስ ሐኪሙ መኪና። መስመርህ ነበረ።» ብረቱን አለቀቀም። «መሠረቱን ከቀባሁት በኋላ ቆሻሻ ወደቀብኝና ልጠርግ ስል ቧጨርኩት። ጭረቱን ልደብቅ መሙያ ስቱኮ ጫንኩበት። በዛ። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ማውረድ ነበረብኝ፤ ሰውየው ነገ እወስዳለሁ እያለ ያጣድፈኛል። ቀለሙን ደረብኩበት። መስመርህን የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

ባትላሜራው ዓይኑን ከፈተ።

«ጋሼ ሲናገሩህ አንተ ትከራከራለህ፣ ያኔ እኔም አምናለሁ ብዬ ቆሜ ነበር። ዝም አልክ። ዝም ስትል እኔም ዝም አልኩ። ነገ እነግረዋለሁ ስል ሥራ ለቀቅህ። ሲመለስ እነግረዋለሁ ስል እህቴን አገባህ። ከዚያማ በምን አፌ!»

ማሽኑ ጸጥ አለ። ሚስትየው ከነመቀሷ በሩ ላይ ቆማለች።

«አንተ!» አለችው ወንድሟን። «ይሄን ሁሉ ዓመት ይህን በሆድህ ይዘህ ነው ምሳዬን ስትበላ የኖርከው? እዚሁ ወንበር ላይ? እያስጨመርክ?»

«እቴ…»

«እቴ አትበለኝ! ይሄ ሰው ስንት ጊዜ እጄ አይረባም ሲል እየሰማህ!»

ባትላሜራው እጁን አንስቶ ዝም አሰኛት። መኪናዋን ዳግም ያዘ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጣቱን አንዴ አስኬደ፣ መለሰና ደገመው። እሱ የሚዳስሰው ግን ሌላ መኪና ነበር። ፊቱ ቀስ በቀስ እየፈታ፣ እየበራ መጣ፤ ሚስቱ እንዲህ ሆኖ ያየችው ልጆቻቸው በተወለዱ ጊዜ ብቻ ነው።

«እጄ ልክ ነበር» አለ። ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሰማሽ? እጄ ልክ ነበር።»

«እኔ መቼ ተሳስቷል አልኩህ?» አለች።

ደስታው ሞላበት፣ እንባውም መጣ፤ አልደበቀውም። ከደስታው ኋላ ንዴት ተራውን ይዞ እንደቆመም ታውቆታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ልሙጥ ቆርቆሮ። «እሱ ይቅርብኝ» ያላቸው እነዚያ ሁሉ መኪናዎች። ንዴቱ ተገቢ ነው፤ መምጣቱም አይቀርም።

ቀለም ቀቢው አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። «በል ተናገር» አለ። «ስደበኝ። ምታኝም።»

«ዛሬ አይሆንም» አለው ባትላሜራው፣ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «ዛሬ ደስ ብሎኛል። ነገ ና፤ ነገ እቆጣሃለሁ።»

ቀለም ቀቢው ቀና ብሎ አየው። የምሩን እንደሆነ ገባው።

«ስንት ሰዓት ልምጣ?»

«በጠዋት» አለ ባትላሜራው። «ብዙ ነው የምቆጣህ።»