በበጋ የታየ መሬት

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ሰርቪስ ቤቴን የተከራየችው የኮሌጅ ተማሪ ለፈተና ጮክ ብላ ስታጠና ሰማኋት። ልጅቷ ከደብረ ማርቆስ የመጣች ናት፤ ቁጭ ብላ ማጥናት አይሆንላትም። ከውሃ ሮቶው እስከ አጥሩ እየተመላለሰች ትደጋግማለች። «በደን በተሸፈነ ዳገት ላይ የሚገኝ ድንጋያማ አፈር፤ ውሃ አይቋጥርም፣ አየር እንደ ልብ ይገባዋል፣ ሥር ወደ ታች ይጠልቅበታል፣ ለቡና ተስማሚ ነው።» እኔ በረንዳ ላይ የደንበኛ ቀሚስ እየዘመዘምኩ ነበር። እጄ ቆመ።

«እስቲ ድገሚው» አልኳት።

«የቱን እማማ?»

«የድንጋዩን።»

ደገመችልኝና ሳቅ አለች። «ሁለት ማርክ ነው እማማ፤ ሁሌ ይመጣል አሉ። እርስዎም ሊፈተኑ ነው እንዴ?»

እኔ ተፈትኜ ወድቄያለሁ፣ አልኩ በሆዴ። እሷ በሁለት ማርክ የምታልፈውን ነገር እኔ ያወቅኩት የአባቴን ርስትና አንድ ወንድም አጥቼ ነው።

የተወለድኩት የቡ የምትባል የገጠር ከተማ አጠገብ ነው። እናቴ ስትሞት ገና የወተት ጥርሴ አልወለቀም ነበርና አባቴ ጅማ ለምትኖረው እህቱ ሰጠኝ። አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። አላህ ይዘንላት፣ በደንብ አሳደገችኝ፤ ስፌት አስተማረችኝ፤ ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ቢሆንም የተሰጠ ልጅ የተሰጠ ልጅ ነው። ለኢድ የቡ ስሄድ ምግብ ከሁሉ ቀድሞ ለእኔ ይቀርብ ነበር። ሰዉ ክብር መስሎት ነው፤ እኔ ግን እንግዳ መሆኔን የማውቀው በዚያ ነበር። እንደ ቤት ልጅ የሚይዘኝ ታላቅ ወንድሜ ነዚፍ ብቻ ነው። ከመኪና ስወርድ ሻንጣዬን ይቀበልና፣ «ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ፣ ከሳሽ እኮ፣ ጅማ ምን ያበሉሻል?» ይለኛል። ከዚያ እቃ እጠቢ፣ እንጨት አምጪ ብሎ ያዘኛል። ለዚህ ነው የምወደው። በዓለም ላይ ከእሱ የበለጠ የማምነው ሰው አልነበረኝም።

አባታችን የሞተው ሰኔ ላይ ነው፤ እኔ ያኔ ሃያን አልፌ ነበር። በእኛ አገር ብዙ ሴት ልጅ ድርሻዋን ለወንድሟ ትታ ትወጣለች፤ አክስቴም «ተይለት፣ አንቺ ሙያ አለሽ» አለችኝ። እኔ እምቢ አልኩ። መሬቱን ለጥቅም አልፈለግኩትም ብል ውሸት ነው፤ ቡና ተክዬ ራሴን ልችልበት አስቤ ነበር። ከዚያ በላይ ግን የቡ ላይ «የዘሃራ» የሚባል ቦታ እንዲኖር ፈለግኩ። በእንግድነት መመላለስ ሰልችቶኝ ነበር። ለነዚፍ ስነግረው ፊቱ እንኳን አልተለወጠም። «ሐቅሽ ነው» አለኝ። በዚህም የበለጠ ወደድኩት።

አከፋፈሉ የታወቀ ነው። ታላቁ ይከፍላል፣ ታናሹ ይመርጣል። ከፋዩ የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ሳያዳላ ይቆርጣል ተብሎ ይታመናል። መራጩ አንዴ ከመረጠ ደግሞ ማማረር የለበትም። እስኪመርጥ ድረስ ሽማግሌም ሆነ ጎረቤት ትንፍሽ አይልም፤ በመራጭ ጆሮ ቃል መጣል ነውር ነው። እያዞረ የሚያሳየው ከፋዩ ብቻ ነው። ደግ ሕግ ነው፤ ዛሬም ደግ ሕግ ነው እላለሁ። ያወጡት ሰዎች ያላሰቡት አንድ ነገር ቢኖር መሬት በበጋና በክረምት ሁለት መልክ እንዳለው ነው።

እኔ ነሐሴ ልምጣ ብዬ ነበር። ነዚፍ ግን በሰው ላከብኝ፦ «መንገዱ ጭቃ ነው፣ ትቸገራለች። ሽማግሌዎቹም በዝናብ አይሰበሰቡም። የካቲት ትምጣ።» ለእኔ ማሰቡ ነው ብዬ ለአክስቴ እየኮራሁ ነገርኳት።

የካቲት ስሄድ መንገዱ አቧራ ብቻ ነበር። ከቀናት በፊት ካፊያ ጥሎ ኖሮ የየቡ ቡና በሙሉ አብቧል፤ ያንን ሽታ የማያውቅ ሰው የቡን አያውቃትም። የነዚፍ ሚስት ሰሚራ የተቀቀለ ጎደሬ በቆጭቆጫ አቀረበችልኝ፣ ብርዝም ቀዳችልኝ። ስበላ ቀና ብላ አላየችኝም። ከጉዞ ደክሞኝ ስለነበር ልብ አላልኩትም።

ነዚፍ መጀመሪያ ወደ ዳገቱ የወሰደኝ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ነው። ላዩ ደን ነው፣ ዋንዛና ሰሳ፤ ከሥሩ የአባቴ አሮጌ ቡና አለ። መሬቱ በደረቅ ቅጠል ተሸፍኗል፤ ቅጠሉን በእግሬ ስገፋው ጠጠርና ድንጋይ ብቻ። ተንሸራትቼ ጉልበቴ ተላጠ። ዶማ ይዞ ነበርና ሰጠኝ። «ቆፍሪው እስቲ።» አንስቼ ብመታ ድንጋይ አገኘሁ፤ ክንዴን ነዘረኝ።

«ይኸው እንግዲህ» አለኝ፣ «አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ድንጋይ ጋር ታገለ።»

ወደ ሜዳው የወረድነው ፀሐይዋ ስትበርድ ነው። ሜዳው በወንዙ ዳር ነው፤ አፈሩ ጥቁር፣ ሣሩ በዚያ በጋ እንኳን ለምለም። ዶማው ያለ ድምፅ ገባ። አፈሩን በእጄ ዘገንኩት፤ ለስላሳ ነው። የከተማ ልጅ ነኝ፣ ጥቁርና ለስላሳ ከሆነ ይበላል ብዬ ነው የማስበው። ቢሆንም ጠየቅኩት፤ ጠይቄዋለሁ፣ ይኼን ማንም አይክደኝም።

«ነዚፍ፣ አንተ ብትሆን የቱን ትወስድ ነበር?»

ትከሻዬን ያዘኝ። «እኔ ዳገት ስወጣ ነው የኖርኩት፤ ለምጄዋለሁ። አንቺ ግን ሜዳ ላይ ሂጂ እህቴ።»

አለቀስኩ። ትከሻውን ሳምኩት። ዳገቱን ለራሱ ሊሸከምልኝ ነው ብዬ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሐጂ ሙክታር የሚባሉ ትልቅ ሰው፣ «ነዚፍ ከፍሏል። ዘሃራ ልጄ፣ ምረጪ። ከፋይ አይመርጥም፣ መራጭ አያማርርም» አሉ። ሜዳውን አልኩ። አንዱ ሽማግሌ ሳል ያዛቸው፤ ሐጂ ሙክታር በጣታቸው የሚቆጥሩትን ሙስበሃ አዩ። ዱዓ ተደረገ። ወሰኑ ላይ ተክል ተተከለ፣ እኔም በገዛ እጄ አፈር አለበስኩት።

ሰኔ ላይ የቡና ችግኝ አስጭኜ ሄጄ ተከልኩ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። እንደገና የሄድኩት ነሐሴ ሲገባደድ ነው። ሜዳው ኩሬ ሆኖ አገኘሁት። ችግኞቼ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ቅጠላቸው ቢጫ ሆኗል። አንዱን ያዝ ባደርገው ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ መጣ፤ ሥሩ ጠቁሯል፣ ይሸታል። ጭቃው ጫማዬን ዋጠው፤ በእጄ ቆፍሬ ነው ያወጣሁት።

ዝናቡ ያን ጠዋት ለሁላችንም እኩል ነበር የዘነበው። ነዚፍን ፍለጋ ዳገቱን ስወጣ ግን ውሃው የለም። በድንጋዩ መሃል ሾልኮ ሄዷል። ቅጠሉ ከሥሩ በስብሶ ጥቁርና ርጥብ አፈር ሆኗል፤ ጠጠሩ ላይ ስረግጥ ጫማዬ ይጸዳል እንጂ አይሰምጥም። ክንዴን የነዘረኝ ድንጋይ ለካ ውሃውን አሳላፊ፣ ሥሩን አስተንፋሽ ኖሯል። የአባቴ ቡና ፍሬ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል። እዚያው ቆሜ ሁሉ ገባኝ፣ ግን ልቤ ነዚፍ አላወቀም ይሆናል እያለ ይከራከርለት ነበር።

ነዚፍን አጣሁትና ቤት ገባሁ። ሰሚራ ብቻዋን ነበረች። እግሬን አይታ ውሃ አመጣችልኝ፤ እያጠበችኝ ማልቀስ ጀመረች።

«ወላሂ እኔ ነግሬው ነበር» አለች። «ክረምት ትምጣና ትየው አልኩት። ‹ውሃውን ካየችማ ዳገቱን ትወስዳለች› አለኝ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። መስማቱና መውደቁ ለየቅል ነው። ነዚፍ በር ላይ ሲደርስ አልጮህኩም። «ታውቅ ነበር?» አልኩት ብቻ።

«አልዋሸሁሽም። ሁለቱንም አሳይቼሻለሁ፣ ቆፍረሻል። አንቺ አይደለሽም የመረጥሽው?»

እውነቱን ነው፤ አንድም የሐሰት ቃል አልወጣውም። ከሁሉ ያመመኝ ይኼ ነው። ቢዋሸኝ ለሽማግሌ እከሰው ነበር። እሱ ግን ሕጉን ጠብቆ፣ በሕጉ ውስጥ ገብቶ ሸጠኝ። ሐጂ ሙክታር ዘንድ ሄጄ ነበር፤ አንገታቸውን ደፍተው «መርጠሻል ልጄ» አሉኝ። እስከ ዛሬ የቡ ላይ እህቱን ያስመረጠ ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው፤ ጥዬው በወጣሁት ሜዳ ላይ የሚግጡት የእሱ በሬዎች ናቸው። እኔ ጅማ ተመልሼ ልብስ ሰፋሁ፣ ልጆች አሳደግኩ፣ በስፌቴ ይህችን ግቢ ሠራሁ። አልሃምዱሊላህ፣ አልተራብኩም። ወደ የቡ ግን እንግዳ ሆኜ እንኳን መሄድ አቃተኝ።

ዘንድሮ ነዚፍ ዓይኑን ሊታከም መጥቶ እዚሁ ቤቴ አረፈ። ሥጋ ነው፣ በር አይዘጋበትም። ጠብታውን ጠዋትና ማታ የማደርግለት እኔ ነበርኩ። ሊሄድ ሲል፣ ዓይኑ እንደ ተሸፈነ፣ «ዘሃራ፣ አፉ በይኝ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ሰው ሆኖ የማይበድል የለም።»

«ሁሉንም ብዬሃለሁ» አልኩት። «አንዱን ግን ራስህ ጥራልኝና ልበልህ።»

ጠበቅኩት። አልጋው ላይ ተቀምጦ እጁን በጉልበቱ ላይ አደረገ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ መኪናው እንዳያመልጠው ፈራና ከዘራውን ጠየቀኝ። አቀበልኩት።

አሁን አርብ አርብ ይደውላል። ስለ ዓይኑ ይነግረኛል፣ ስለ ልጆቹ ይነግረኛል፣ ዝናብ ጣለ አልጣለ ይላል። ሰዎች አርጅተሻል፣ ተይው ይሉኛል፤ እኔም ብተወው ደስ ይለኝ ነበር። ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ዛሬ ያንን አንዱን ይለው ይሆን ብዬ ዝም ብዬ አዳምጠዋለሁ። አይለውም፤ እኔም አልልለትም።